ስለ አንድ ሕፃን የሚጾም ማዕድ



እንጀራ ከገበያ ጠፍቶ፣ እናት የልጆችዋን ራት በአንድ እፍኝ ዱቄትና በብዙ ውሃ ያሳለፈችበት ዘመን ገና ከትዝታ ወደ ታሪክ ባልተሻገረበት በዚህ በመቀሌ ከተማ፣ አንዲት እናት ወደ አጸደ ሕፃናት በር መጥታ «ልጄ እንቁላል አይበላም፤ ለውዝም እንዳታቀምሱብኝ» ብትል፣ ዘበኛውና መምህርቷ ምግብ አብሳይዋም ጭምር እንዴት እርስ በርሳቸው እንደሚተያዩ መገመት አያስቸግርም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በጦርነትና በከበባ የተራበ ሕዝብ፣ የቀረበለትን መልሶ የሚገፋ ሰው ሲያይ ነገሩ ጥጋብና ቅንጦት ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ይህ አስተያየት ከሕማም የተወለደ ስለሆነ በትዕግሥት ሊሰማ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ምግብን ከማንም ይልቅ በቁም ነገር የሚያየው የተራበ ሰው ስለሆነ፣ አንዱን ሕፃን የሚያጠግበው እህል ሌላውን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሞት አፋፍ ሊያደርሰው እንደሚችል ለመስማት ከዚህ ጉባኤ የተሻለ አድማጭ አላገኝም ብዬ አምናለሁ፤ የዛሬው ንግግሬም ምግብ የማይስማማቸውን ትንንሽ ልጆች በትምህርት ቤት ውስጥ ስለ መጠበቅ ነው።

ሐኪሞች ነገሩን አለርጂ ይሉታል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣለት ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነበረ። ከእርሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት ከባሕር እንስሳ የወጣ መርዝ ለውሾች በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ፣ ሰውነታቸው መርዙን ለምዶ እስኪቋቋመው ሲጠባበቁ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነና አስቀድሞ ያልጎዳው መጠን ከሳምንታት በኋላ ዳግመኛ የተሰጠው ውሻ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞተባቸው፤ ሪሼም ይህን ምሥጢር መርምሮ በማስረዳቱ እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የሰው ሰውነት የሚጎዳውን ባዕድ ነገር ለይቶ የሚከላከልበት ኃይል ከተፈጥሮ ተሰጥቶታል፤ ይህ ኃይል በአንዳንድ ሕፃናት ዘንድ ምንም የማያደርገውን ምግብ ከጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል፤ በመጀመሪያው ንክኪ በዝምታ ይመዘግበዋል፣ ሲደገም ይዘምትበታል። አባቶቻችን ጓያን ለረጅም ጊዜ ያዘወተረ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ ከመጽሐፍ ሳይማሩ ከኑሮ ያውቁታል፤ ጓያ ግን መርዝ ስለሆነ አብዝቶ የበላውን ሁሉ ያሰጋል፤ አለርጂ ግን አንድ ክፍል ሕፃናት በልተው የሚቦርቁበትን ምግብ ለአንዱ ብቻ ጠላት ያደርግበታል። የቀሩት ሁሉ በዓይናቸው እያዩ ለማመን የሚቸገሩትም ስለዚህ ነው።

በዓለም ላይ ይህን ጠብ አዘውትረው የሚያነሡት የላም ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ለውዝ፣ እንደ ካሹና አልሞንድ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ዓሣና እንደ ሽሪምፕ ያሉ የባሕር እንስሳት ናቸው፤ ሽምብራና ምስርም በአንዳንድ ሕፃናት ላይ እንዲሁ ያደርጋሉ። ጎጃም ውስጥ ምሬቱ እስኪለቅ በውሃ ተዘፍዝፎ የሚበላው ግብጦ የለውዝ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ ለውዝ የማይስማማው ልጅ ግብጦም ላይስማማው ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት ግብጦ ያለበት የታሸገ ምግብ ሁሉ ስሙን እንዲጽፍ ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ምልክቱ ምግቡ ከተበላ ከጥቂት ደቂቃ ጀምሮ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ይታያል፤ በአፍ ዙሪያ ማሳከክ፣ በሰውነት ላይ እንደ ሳማ የተነሣ ሽፍታ፣ የከንፈርና የዓይን ቆብ እብጠት፣ ማስታወክ፣ ቀጥሎም ሳል፣ የድምፅ መጎርነን፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ በመጨረሻም የልጁ መልፈስፈስና ራሱን መሳት። ሽፍታው ብቻውን ሲሆን ጊዜ ይሰጣል፤ ትንፋሽ ከተነካ ወይም ልጁ ከተዝለፈለፈ ግን ጊዜ የለም።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ከዚህ አባባል ጥቂት እውነት አይታጣም፤ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ምርምር፣ የአለርጂ ወገን የሆነው አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በርክቶ መገኘቱን አሳይቷል። ነገር ግን መቀሌ ከተማ ናት፤ በየዓመቱም ትሰፋለች፤ ስለዚህ ከገጠሩ ጥቂትነት የምናገኘው መጽናኛ ለከተማ ልጅ አይሠራም።

ይልቁንም እኔን የሚያሳስበኝ፣ በሽታው በመካከላችን ሲኖር በሌላ ስም እየተጠራ ሳንለየው መቅረታችን ነው። ከንፈሩ አብጦ ፊቱ ሽፍታ ያወጣ ልጅ ሲታይ «ምች መትቶት ነው» ይባልና ዳማ ከሴ ታሽቶ ይቀባል፣ ጭማቂውም ይጠጣል፤ ሽፍታው በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ዳማ ከሴው ይመሰገናል፤ ያ ልጅ ከአንድ ሰዓት በፊት ምን በልቶ እንደ ነበር የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ጉሮሮው የሚያብጥበት፣ መዋጥ የሚያስቸግረው ልጅ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና ወደ እንጥል ቆራጭ ይወሰዳል፤ በሰሜኑ አገራችን ይህ ልማድ ስንት ሕፃን በደምና በመመረዝ እንደ ጎዳ በዚህ ጉባኤ ያላችሁ የጤና ባለሙያዎች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሰው ፊት በልቶ ወዲያው የወደቀ ልጅ ነው፤ ስለ እርሱ «ዓይን አረፈበት፤ ቡዳ በላው» ይባላል። ልብ በሉ፤ ከምግብ በኋላ በድንገት መውደቅ አለርጂ ራሱን የሚገልጥበት አንዱ መልክ ነው፤ ባህላችን ለዚያው መልክ የተዘጋጀ ትርጓሜ ስላለው ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት መልሱ ይሰጣል፤ መልሱም ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል እንጂ የልጁን ጉሮሮ አይከፍትም።

የመጀመሪያ ርዳታ ተብለው የሚደረጉትንም ነገሮች ማንሣት ግድ ይሆንብኛል። የበላው ነገር ያስቸገረውን ሰው ወተት ማጠጣት «መርዝ ያረክሳል» ተብሎ በብዙ ቤት የታመነ ነው፤ ልጁ የተጣላው ከወተት ጋር ከሆነ ግን የርዳታው ጽዋ ሁለተኛው አደጋ ይሆናል። ራሱን የሳተውን ሰው ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ፊቱ ላይ ውሃ መርጨት፣ ብብቱን ይዞ ማቆም፣ ዙሪያውን ከብቦ አየር ማሳጣት፣ እነዚህ ሁሉ በቅን ልቡና የሚደረጉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ግን በተለይ ይገድላል፤ ደሙ ከልቡ የራቀበትን ልጅ በድንገት ማቆም ወይም ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ልቡን ባዶ ያስመታዋል፤ ስለዚህ በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ ይገባል፤ የሚያስታውክ ከሆነ በጎኑ፣ ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ ትራስ ተደግፎ እግሩን እንደ ዘረጋ ይቆያል፤ ቆሞ እንዲሄድ ግን ከቶ አይፈቀድም። ጸበልን በሚመለከት የሚጠይቀኝ ካለ፣ ጸበሉ ኋላ ከምናገርለት ሕይወት አዳኝ መርፌ በኋላ ቢመጣ እምነትን የሚነካበት ምንም ነገር አላይም፤ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ልግባ። በሌላው ዓለም የተጻፉትን መመሪያዎች ስታነቡ፣ ሁሉም ከአንድ ሥዕል ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሳህን ይዞ፣ የራሱን ወንበር ስቦ፣ የራሱን ምሳ ይበላል፤ ስለዚህ ጥበቃው በልጁና በሳህኑ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ማዕድ የጋራ ነው። ሦስት ሕፃናት ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ ከፍተው እንጀራውን ከሕምባሻው፣ ሽሮውን ከእንቁላሉ አደባልቀው ሲበሉ፣ መምህርቷ ደስ ይላታል እንጂ አትከለክልም፤ ለብቻው ዞሮ የሚበላውን ልጅ ግን «ስስታም» ብለው የክፍል ጓደኞቹ ይሰድቡታል፤ እናቱም ሰምታ ታፍራለች። ጥሕሎ ሲቀርብ ኳሱን በእንጨቱ ወግቶ ከአንዱ ማጥለቂያ ማጣቀስ የሁሉም ድርሻ ነው። ጉርሻ ደግሞ ፍቅር የሚገለጥበት ሥርዓት ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ ካልተደገመ ቅር የሚያሰኝ፣ እምቢ ቢሉት ነውር የሚሆን ነገር ነው። ታዲያ አራት ዓመት የሞላት ልጅ፣ የምትወዳት መምህርት በራስዋ እጅ ጠቅልላ ወደ አፍዋ ያቀረበችላትን «አልፈልግም» ትል ዘንድ እንዴት እንጠብቃለን? ትልቁ ሰው በሠርግ ቤት ያቃተውን ድፍረት ከሕፃን መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ በእኛ ትምህርት ቤቶች አደጋው የሚመጣው ከቸልተኝነት ይልቅ ከርኅራኄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመጀመሪያውም ሥርዓት ይህ ይሁን፤ ከአጸደ ሕፃናት በር ወዲህ ማንም ትልቅ ሰው፣ መምህርም ቢሆን ሞግዚትም ዘበኛም ቢሆን፣ የእርሱ ያልሆነን ልጅ አያጉርስ። ይህ ቃል በጆሯችን ሲሰማ የደረቀ ይመስላል፤ ነገር ግን በክፍሉ ላለው ሁሉ የሚሠራ ሕግ ሲሆን የታመመውን ልጅ አይለየውም፤ አንድን ልጅ ብቻ «አንተን አናጎርስህም» ማለት ግን በሽታ ላይ ብቸኝነትን መደረብ ነው። ብቻውን ጥግ ላይ ተቀምጦ እንዲበላ የሚደረግ ልጅ፣ ሁለተኛ ሳምንት ሳይሞላው ሕመሙን መደበቅ ይጀምራል፤ የደበቀውም ልጅ ሳያስበው የሚቀምሰው ነው። እንግዲያስ ይቀመጥ ከጓደኞቹ ጋር፤ ምሳ ዕቃው ይለይ እንጂ ወንበሩ አይለይ፤ ከአጠገቡ የሚቀመጡትም ሁለት ልጆች የእርሱን ምግብ እንዳይነኩ፣ የራሳቸውንም እንዳያካፍሉት በስማቸው ተጠርተው አደራ ይቀበሉ። ሕፃናት አደራ ሲሰጣቸው ከእኛ ይልቅ ጥብቅ ዳኞች ናቸው።

«ይህን ያህል መለየት ለእኛ አገር ማድ ቤት ከባድ ነው» የሚለውን ክርክር ግን ከቶ አልቀበለውም። ምግብን ከምግብ፣ ዕቃን ከዕቃ በመለየት የዓለም ሕዝቦች ሁሉ ቢፈተኑ የእኛ እናቶች ከፊተኞቹ ተርታ እንደሚቆሙ አልጠራጠርም። ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ በጾመ ነቢያት፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ቅቤ የነካው ድስት ከጾሙ ድስት ጋር አይደባለቅም፤ ወተት የቀዳ ጣሳ ወደ ጾም ወጥ አይገባም፤ ወጡን ያማሰለው ጭልፋ ጭምር «የፍስክ ነው የጾም?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሳያውቅ የቀመሰ ሰው ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል። በሠርጉና በተዝካሩ ደግሞ ለሙስሊም ወገኖቻችን ለብቻው በእጃቸው ታርዶ፣ ለብቻው ተሠርቶ፣ በሌላ ድንኳን ይቀርባል፤ የክርስቲያኑ ቢላዋ ወደዚያ አይሻገርም። ይህን ሁሉ ያስተማረን የታሸገ ምግብ ጽሑፍ ወይም የመንግሥት ተቆጣጣሪ አይደለም፤ ሕሊናችንና ሃይማኖታችን ነው። እንግዲህ እኔ የምለምነው አዲስ ሥልጣኔ አይደለም፤ ያንኑ የጾም ድስት ሕግ፣ አንድ ክፍል ስለ አንድ ልጅ እንዲጾምበት ነው። ምግብ አብሳይዋን «የአለርጂን ንክኪ አስወግጂ» ብትሏት ቃሉ ይከብዳታል፤ «ለዚህ ልጅ እንቁላል ሁልጊዜ ፍስክ ነው፤ ጾሙም አይፈታም» ብትሏት ግን በዚያው ቅጽበት እስከ ጭልፋውና እስከ እጅ መታጠቢያው ድረስ ሥራዋን ታውቀዋለች።

ይሁን እንጂ በዚህ ነገር አንድ ወጥመድ አለ፤ የጾም ምግብ ለሁሉ ልጅ የደኅንነት ምግብ አይደለም። ወተትና እንቁላል የማይስማማው ልጅ ዐቢይ ጾም ሲገባ ያርፋል፤ አደጋው የሚመለሰው ትንሣኤ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ምሳ ዕቃው ሁሉ በቅቤና በእንቁላል ይሞላል፤ በዓሉን ተከትሎ የመጣው ድፎ ዳቦና የልደት ኬክ ይጨመርበታል። ሰሊጥ፣ ለውዝ ወይም አኩሪ አተር የማይስማማው ልጅ ግን የሚፈራው ጾሙን ራሱን ነው፤ ሥጋና ወተት ሲወጡ የቅባት እህሎች ይገባሉና፤ የሰሊጥ ፍትፍት፣ የሱፍ ውሃ፣ ተልባ፣ በሰናፍጭ የተሠራ ስልጆ፣ ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ የአኩሪ አተር ወተት ሁሉ የጾም ሲሳዮች ናቸው። ከአገራችን ሰሜን ምዕራብ ወጥቶ በዓለም ገበያ የሑመራ ሰሊጥ ተብሎ በነጭነቱ የሚታወቀው ፍሬ፣ አሜሪካ ሲደርስ ከ2023 መባቻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በምግብ መያዣው ላይ ስሙ በግልጥ እንዲጻፍ በሕግ ታዞበታል፤ በእኛ ድስት ውስጥ ግን ስሙን ሳይናገር ከሽሮው ጋር ይዋሐዳል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ መምህርት የልጁን ጠላት ምግብ ካወቀች በኋላ የቀን መቁጠሪያውን ከፍታ ትመልከት፤ የትኛው ወራት የልጁ የዕረፍት ወራት፣ የትኛውስ የፈተና ወራት እንደሆነ አስቀድማ ታገኘዋለች። ልጁ መጾም ይገባው እንደሆነ የሚጨነቁ ወላጆችም የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛና ለሕፃን ጾምን ታቀላለች።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት ምገባው ልለፍ። በአንድ ትልቅ ድስት ለሁሉም ልጆች በሚበስልበት ትምህርት ቤት፣ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ዱቄት የሚሠራው ገንፎ የተለመደ ነው፤ እርሱም ብዙ ልጆችን ከክፍል እንዳይቀሩ አድርጓል። በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ተጠንቶ የወጣውና ስንት ትውልድ ያደገበት ፋፋም ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የዱቄት ወተት በአንድ ላይ የያዘ ነው። በረኃብ ለተጎዱት ሕፃናት በከረጢት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ከለውዝ፣ ከዱቄት ወተት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራ ሲሆን፣ በጦርነቱ ዘመንና ከዚያም በኋላ ስንቱን ሕፃን ከመቃብር አፍ እንደ መለሰ በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። እነዚህን ምግቦች የሚነቅፍ ቃል ከአፌ እንዳይወጣ እጠነቀቃለሁ። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ያ ጣፋጭ ከረጢት ለታመመው ወንድሙ ተሰጥቶ እቤት ሲቀመጥ ትልቁም ልጅ ይልሰዋል፤ በኪሱም ይዞት ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ለጓደኛውም ያካፍላል። ለምግብ አብሳይዋ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፤ አለርጂ ላለበት ልጅ የምትሆነው ትንሽ ድስት ክዳን ይኑራት፣ ከትልቁ ድስት በፊት ትጣድ፣ ከበሰለች በኋላ ተከድና ከፍ ካለ ቦታ ትቀመጥ፣ የራስዋ ጭልፋ ከጆሮዋ ላይ ታስሮ ይንጠልጠል።

ስለ ጭልፋ ይህን ያህል የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ አገር በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር ሳብሪና ሻነን የምትባል የ13 ዓመት ልጅ፣ የወተት ተዋጽኦ እንደማይስማማት ጠንቅቃ እያወቀች፣ በትምህርት ቤቷ ምሳ ቤት የድንች ጥብስ ገዝታ በላች፤ በድንቹ ውስጥ ወተት አልነበረም፤ ድንቹ የተነሣበት መቆንጠጫ ግን አይብ ነክቶ እንደ ነበር ታመነ። ሕይወት አዳኝ የአድሬናሊን መርፌዋ ከእርሷ ርቆ በዕቃ ሣጥኗ ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ሊያመጡላት ሲሮጡ ወደቀች፤ በማግሥቱም ዐረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ክፍለ ሀገር በስሟ የተጠራ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም እያንዳንዱ የትምህርት ቦርድ ለእንዲህ ያሉ ልጆች የተጻፈ ዕቅድ እንዲኖረውና ሠራተኞቹም እንዲሠለጥኑ ያስገድዳል። ሪቻርድ ፐምፍሪ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራቸው በዚህ ምክንያት የሞቱትን ሰዎች መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳተሙት፣ ከምግብ በመጣ አለርጂ ትንፋሽ ወይም ልብ እስኪቆም ያለው ጊዜ በመካከለኛ ልኩ 30 ደቂቃ ነው። ከዚህ ከምንቀመጥበት አዳራሽ ተነሥቶ፣ ባጃጅ ፈልጎ፣ ዓይደር ሆስፒታል ደርሶ፣ ካርድ አውጥቶ ሐኪም ፊት ለመቅረብ ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልግ እያንዳንዳችሁ በልባችሁ አስሉት።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕይወት የሚያድነው መድኃኒት አንድ ነው፤ አድሬናሊን። ጃፓናዊው ሊቅ ጆኪቺ ታካሚኔ ከመቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ከእንስሳ ዕጢ አጣርተው ያወጡት፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ተርታ የመዘገበው ርካሽ ነገር ነው። ሀብታም አገሮች በብዕር መልክ የተዘጋጀውን፣ ተጫን ሲሉት በራሱ የሚወጋውን ይጠቀማሉ፤ በእኛ አገር የሚሠራበት ግን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም የያዘው አምፑል ነው። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ይወስዳል፤ የሚወጋውም ከጭኑ መካከል በውጭው በኩል በጡንቻው ውስጥ ነው፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ቢሻለውም ወደ ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና። ለማሳከክ የሚሰጠው የሴትሪዚን ሽሮፕ ሽፍታውን ያስታግሣል፤ የተዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም፤ ሽሮፕ አጠጥቶ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ውድ ደቂቃዎችን ያስጠፋል። በየትምህርት ቤቱ ነርስ መቅጠር እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ግን በከተማ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በሥራ ድርሻቸው ትምህርት ቤቶችን ይጎበኛሉ፤ ርእሰ መምህሩ እነርሱን ጠርቶ፣ ከጤና ጣቢያው ጋር በደብዳቤ ተስማምቶ፣ መርፌውን ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ሠራተኞችን ማሠልጠን ይችላል። ሁለት ያልኩበት ምክንያት አንዷ በወሊድ ፈቃድ ወይም በሐዘን ቤት ልትሆን ስለምትችል ነው። ከትምህርት ቤቱ በር የሚቆም፣ ስልኩ የሚታወቅ አንድ የባጃጅ ሹፌርም በዚህ ጉዳይ ቢገባ፣ ልጁ በሰው ጭን ላይ ተጋድሞ እንጂ ተቀምጦ እንደማይጫን ቢነገረው መልካም ነው። በከበባው ዘመን የዓይደር ሐኪሞች ያለ መድኃኒት ተስፋ ቆርጠው ድምፃቸውን ለዓለም እንዳሰሙ እናስታውሳለን፤ ዛሬ አምፑሉ ሲገኝ በትምህርት ቤት መሳቢያ ውስጥ አለመኖሩ ግን በማንም ላይ ሊሳበብ የማይችል የራሳችን ጉድለት ነው።

ትምህርት ቤቱ ለእንዲህ ያለ ልጅ ሊያዘጋጀው የሚገባው የተጻፈ ዕቅድ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም፤ የልጁ ፎቶግራፍ፣ የማይስማማው ምግብ፣ የመጀመሪያው ምልክት፣ የመድኃኒቱ ቦታና መጠን፣ የእናቱና የባጃጁ ስልክ። ይህ ወረቀት በማድ ቤቱና በመምህራን ክፍል ይለጠፍ፤ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ግን አይለጠፍ፤ የሕፃን ሕመም ለአላፊ አግዳሚ የሚነበብ አዋጅ አይደለምና። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በዓመቱ መጀመሪያ ሲሰበሰብ፣ ከዩኒፎርምና ከመዋጮ ጋር ይህም ይነሣ፤ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለውዝና ቆሎ በሲኒ ለሚሰፍሩት እናቶችም በአክብሮት ይነገራቸው፤ እነርሱን ማባረር ልጁን አያድንም፤ ፊቱን ካወቁት ግን ከማንም ይልቅ ይጠብቁታል። ለውዝን ከግቢው ፈጽሞ እንከልክል የሚሉ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ እገዳ ሐሰተኛ መተማመን ይወልዳል፤ ከኪስ የሚወጣውንም አይቆጣጠርም።

ከመጠን ያለፈ ፍርሃትም የራሱ ጉዳት አለው። ሽፍታ አንድ ቀን ስላየች ብቻ ከልጅዋ ማዕድ ወተትን፣ እንቁላልን፣ ስንዴንና ሽሮን በአንድ ጊዜ ያወጣች እናት፣ ያለ ሐኪም ምክር ሌላ ረኃብ እያመጣችበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በለንደን ከተማ ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ምርምር፣ ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ሕፃናትን በሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለውዝን በልስልስ መልክ ሲያበላ፣ ሁለተኛውን ወገን ከለከለ፤ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከከለከሏቸው 17.2 ከመቶው፣ ካበሏቸው ግን 3.2 ከመቶው ብቻ ለውዝ የማይስማማቸው ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ገና ምንም ምልክት ላላሳየ ጨቅላ ምግብን በፍርሃት ማዘግየት ራሱ አለርጂን ሊጋብዝ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ምልክት ያሳየውን ልጅ ደግሞ «ይለምደዋል» ብሎ እቤት መሞከር አደገኛ ስለሆነ፣ ለሐኪም ብቻ የሚተው ነው።

በመጨረሻ ስለ አድሬናሊኑ አቀማመጥ ልናገር፤ አምፑሉ ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፤ በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ከምድጃና ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ፤ የሚያልፍበት ቀን ስላለው ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር መስከረም ላይ ይታይ፤ የተቀመጠበትም መሳቢያ ቁልፍ አይኑረው። አሁን መድረኩን ከጤና ጣቢያ ለመጣችው ነርስ እለቃለሁ፤ ባዶ መርፌዎችና አንድ ዘንቢል ብርቱካን ይዛለች፤ በብርቱካኑ ላይ አወጋጉን ታሳያችኋለች፤ ከየትምህርት ቤቱ ቢያንስ ሁለት ሰው በእጁ ሳይሞክር ከዚህ አዳራሽ እንዳይወጣ እለምናለሁ።